የአዋሽ ውኃ በየወራቱና በየሥፍራው

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ቃል ለዳኛና ለሽማግሌ የተነገረ ምክር ቢሆንም፣ ለገበሬና ለመስኖ ኃላፊም የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል። የነገሩ ሥር ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ እንደሚሳሳት ሁሉ፣ ውኃም ከየት እንደ መጣ፣ በየትኛው ወር እንደ ተቀዳና በመንገዱ ላይ ምን እንደ ተቀላቀለበት ሳይታወቅ ወደ ማሳ ቢለቀቅ ወይም ወደ እንስራ ቢገባ፣ ያለማል ተብሎ የታሰበው ሊያጠፋ ይችላል።

በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ስለ ውኃው ቢጠየቁ የማይገናኝ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። አንደኛው በጥቅምት ወር ቀድቶ «ውኃችን ጥሩ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው በግንቦት ወር ቀድቶ «ውኃው ይሸታል፤ ጨው ጨውም ይላል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ወንዝ ባለበት የሚቆም ኩሬ ባለመሆኑ፣ የዛሬው ውኃ የትናንቱ አይደለም፤ የላይኛው አገር ውኃም የታችኛው አገር ውኃ አይደለም። ይህን ልዩነት በግልጽ ከሚያሳዩት የአገራችን ወንዞች አንዱ አዋሽ ነው።

የወንዙ መንገድ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል። የበቾን ጥቁር አፈር ሜዳ አቋርጦ በመልካ ቁንጡሬ በኩል ካለፈ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ የሚወርደውን የአቃቂን ወንዝ ይቀበላል። ቀጥሎም የሞጆ ወንዝ ከሚገባበት ከቆቃ ሐይቅ ይደርሳል። ከቆቃ ወጥቶ በወንጂ፣ በሶደሬ፣ በኑራ ኤራና በመተሐራ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆው ቆላ ይወርዳል። ከሰምንና ከበናን የመሰሉትን ወንዞች ተቀብሎ በመልካ ሰዲ፣ በአሚባራና በገዋኔ አድርጎ በአፋር ምድር ወደ ተንዳሆ፣ ወደ ዱብቲና ወደ አሳይታ ያመራል። በመጨረሻም በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል።

የወንዙ ርዝመት 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን፣ ዋቢ ሸበሌም ወደ ሶማሊያ ቆላ ሲሄዱ፣ አዋሽ ግን ተወልዶ የሚሞተው በዚያው በተፋሰሱ ውስጥ ነው። ወደ ባሕር የሚወስደው መውጫ ስለሌለው፣ ከደጋው ያጠበው አፈር፣ ከከተማው የተጣለበት ቆሻሻና ከዓለቱ የሟሟበት ጨው ሁሉ ከተፋሰሱ አይወጣም። ከፊሉ በግድቡ፣ ከፊሉ በማሳው፣ ከፊሉ በሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ስለ አዋሽ ውኃ ጥራት መጨነቅ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወራቱ የሚያመጡት ለውጥ

የወንዙ ውኃ በዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ያህል ጠባዩን ይለውጣል።

የመጀመሪያው ጊዜ ክረምቱ ሲገባ ነው። በጋውን ሙሉ በማሳው፣ በግጦሹ፣ በመንገዱና በከተማው ቱቦ የተከማቸው እበት፣ ጥራጊና ፍሳሽ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ታጥቦ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ይገባል። ወንዙ ገና ስላልሞላ የሚገባበትን ቆሻሻ ማቅጠን አይችልም። ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ከዚህ ውኃ መጠጣት እጅግ የሚያሠጋው በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ነው። ብዙ ሰው ግን «ዝናብ መጣ፤ ውኃው ታደሰ» ብሎ የሚደሰተው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጎርፉ ከታረሰው ተዳፋት አፈር ስለሚያወርድ ውኃው እንደ ጭቃ ይሆናል። በውኃ የሚሟሟው ጨው በዚህ ወቅት ይቀጥናል፤ ስለዚህም ጨውን ብቻ የለካ ሰው «ጥሩ ውኃ ነው» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ከአፈሩ ጋር የበሽታ ተሐዋስያን፣ ከማሳው የታጠበ ማዳበሪያና የፀረ ተባይ መድኃኒት አብረው ይወርዳሉ። ድፍርስ ውኃን በክሎሪን ማከምም አስቸጋሪ ነው፤ መድኃኒቱ ጀርሙን ከመግደሉ በፊት ከጭቃው ጋር በተያያዘው ብስባሽ ላይ ያልቃልና።

ሦስተኛው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ነው። ዝናቡ ያቆማል፤ ጭቃው ይረጋል፤ ወንዙ ግን ገና ብዙ ውኃ አለው። ከዓመቱ ሁሉ ውኃው የተሻለ ሆኖ የሚታየው በዚህ ወቅት ነው። መንገዱም ስለሚደርቅ ለምርመራ የሚወጡ ባለሙያዎች ናሙና ለመቅዳት የሚመርጡት ይህንኑ ወቅት ነው። ስሕተት የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው፤ በመልካሙ ወር የተገኘው ውጤት የዓመቱ ሁሉ ውጤት ተደርጎ በመዝገብ ይጻፋልና።

አራተኛው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው በጋ ነው። የበልግ ዝናብ በመካከሉ ጥቂት ቢያስታግሰውም ወንዙ ይቀንሳል፤ ከከተማውና ከፋብሪካው የሚገባው ፍሳሽ ግን አይቀንስም። ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ፣ የወንዝ ውኃም ፀሐይ ሲያተንነው ጨውና ቆሻሻው ይበረታበታል። በዚህ ላይ የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል። ብስባሹ ይህንኑ ጥቂት ኦክስጅን ሲጨርሰው ዓሣው ይታፈናል፤ ውኃውም መሽተት ይጀምራል። ገበሬው መስኖ አብዝቶ የሚፈልገው ደግሞ በዚሁ በበጋ ነው። ውኃው በተበላሸበት ወር ማሳው እጅግ ይጠማል ማለት ነው።

ከተማው የሚጨምረው

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ሲነሡ ጥሩ ውኃ ናቸው። አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል እስኪደርሱ ግን የቤቱን፣ የገበያውን፣ የጋራዡንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይቀበላሉ። በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ቢኖርም፣ የከተማው ፍሳሽ ሁሉ በቱቦ ተሰብስቦ ወደዚያ አይደርስም። አባ ሳሙኤል በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ የተሠራበት ሥፍራ ነው። ያ የታሪክ ባለቤት የሆነ ውኃ በኋለኞቹ ዘመናት በደለልና በእምቦጭ ተጨንቋል።

በአቃቂ ዳር ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት እያለሙ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ገበሬዎች አሉ። የከተማው የአትክልት ገበያም በእነርሱ ድካም ይጠቀማል። ገበሬው ይህን ውኃ የሚጠቀመው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ውኃው በበጋ አይደርቅበትም፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ማዳበሪያ ሆኖ ሰብሉን ያፋፋለታል። ነገር ግን ከማዳበሪያው ጋር የአንጀት ትላትል ዕንቁላልና የተቅማጥ ተሐዋስያን ይመጣሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ በጥሬው ለሚበላ አትክልት የሚውል የመስኖ ውኃ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ከ1,000 የማይበልጥ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ ሊኖረው እንደሚገባ አመልክቷል። የከተማ ፍሳሽ የገባበት ወንዝ ይህን ልክ እጅግ ማለፉ የታወቀ ነው።

የቆዳ ፋብሪካዎች ጉዳይ ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነው። ቆዳን ለማልፋት ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ይሠራበታል። ፍሳሹ ሳይጣራ በአቃቂ ወይም በሞጆ ወንዝ ከተለቀቀ ክሮሚየሙ ከውኃው ወርዶ በደለሉና በመስኖ አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል። ጀርም በፀሐይና በጊዜ ብዛት ይሞታል፤ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ግን ማዕድን ስለሆኑ አይሞቱም፤ በዓመት በዓመት ላይ ይደራረባሉ። ስለዚህ ዛሬ የተለካው ውኃ ጥሩ ቢሆንም፣ አፈሩ የ20 እና የ30 ዓመት ዕዳ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ቆቃ፤ የጭቃው ማረፊያ

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,850 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ ሐይቅ ተፈጠረ። ከኤሌክትሪኩ ኃይል በላይ ለታችኛው ሸለቆ የሰጠው ጥቅም፣ የክረምቱን ጎርፍ አጠራቅሞ በበጋ ማካፈሉ ነው። የውኃውንም ጠባይ ለውጧል። ከቆቃ በላይ ያለው አዋሽ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ጭላጭ ሲሆን፣ ከግድቡ በታች የሚወጣው ውኃ ወራቱ በአንድ ማድጋ እንደ ተቀላቀሉ ሆኖ ልዩነቱ ይለዝባል። ከዚያ ወዲያ ከሌታ፣ ከሰምና ከበና በክረምት ሞልተው ሲገቡበት እንደ ገና ይደፈርሳል።

ሐይቁ ለዚህ አገልግሎቱ ዋጋ ይከፍላል። ከደጋው የሚወርደው አፈር በሐይቁ ወለል ላይ ስለሚረጋ፣ ከተመረቀ በኋላ ባሉት 40 ዓመታት ውስጥ ውኃ የመያዝ ኃይሉ ከሩብ በላይ ቀንሷል። በላይኛው አገር ያለ እርከን የታረሰው ማሳ አፈሩን አጥቷል፤ በታችኛው አገር ያለው መስኖም የውኃ ማጠራቀሚያውን አጥቷል። አንዱ ጎርፍ በአንድ መንገድ ሁለት ገበሬ ያደኸያል ማለት ነው።

ከአፈሩ ጋር የሚገባው ፎስፈረስና ናይትሮጅን በሐይቁ ውስጥ አረንጓዴ ሽበት ያራባል። በ1957 ዓ.ም. በዚሁ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭም የሚፋፋው በዚህ ምግብ ነው። ከሽበቱ ዓይነቶች መካከል ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሲበዛ ውኃው እንደ ተበጠበጠ አረንጓዴ ቀለም ይሆናል፤ ጉበትን የሚጎዳ መርዝም ያወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለዚህ መርዝ ያቀረበው የዘወትር የመጠጥ ውኃ ልክ በሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። መርዙ በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ የሐይቅ ውኃ አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ ወደ ዳር በተገፋበት ሥፍራ ሰውም ከብትም እንዳይጠጣ መከልከል ይገባል።

የስምጥ ሸለቆው ስጦታና ፍዳ

እስካሁን የተነገረው ሰው በውኃ ላይ ስላደረሰው ነው። ከወንጂ ጀምሮ ግን ምድሪቱ ራስዋ በውኃው ላይ የምትጨምረው አለ። የስምጥ ሸለቆው ዓለት የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውኃና ፍል ውኃ ፍሎራይድና ሶዲየም አሟሙቶ ይወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያመለከተው የፍሎራይድ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ አካባቢ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተገኝቷል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በእርሻው ሠፈሮች ባደጉ ሕፃናት ላይ የጥርስ መበለዝ፣ ለብዙ ዓመታት በጠጡት ሠራተኞች ላይም የአጥንትና የአከርካሪ መድረቅ መታየቱ በሐኪሞች ጥናት የታወቀ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። የጉድጓዱ ውኃ ኩልል ያለና ከጀርም የጠራ ነበረ፤ ደፍርሶ የሚታየው ወንዙ ነበረ። በፍሎራይድ በኩል ግን የተሻለው ያ ደፍርሶ የሚታየው ወንዝ ነው። ዓይን ለውኃ በቂ ዳኛ አይደለም። ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ ማፍላትም አይጠቅምም፤ ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበረታበታል እንጂ አይለቅም። መድኃኒቱ ሌላ ምንጭ መፈለግ፣ ከወንዙ የተጣራ ውኃ ማከፋፈል ወይም ከተቃጠለ የከብት አጥንት የተሠራ ከሰልን በመሳሰለ ማጣሪያ ማሳለፍ ነው።

በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ሌላው ምስክር ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ፣ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ከአካባቢው የመስኖ እርሻ የሚሰርገው ትርፍ ውኃና ከምድር የሚመነጨው ፍል ውኃ ለመስፋቱ ምክንያት ሆነው ይጠቀሳሉ። ሐይቁ የባቡሩን ሐዲድ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ፣ የግጦሹን መሬትና የሸንኮራውን ማሳ ስላሠጋ፣ ውኃው በቦይ እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲገባ ተደረገ። በዚህ ነገር መንገዱና ማሳው እፎይ ቢሉም፣ ከቦዩ በታች ያለው ገበሬ የሌላውን ጨው ተቀባይ ሆነ። ወንዙ በሞላበት በነሐሴ የሚለቀቀው ጨው ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ያው መጠን በሚያዝያ ቢለቀቅ ግን ለሰብል መርዝ ይሆናል። እንግዲህ ወርን መቁጠር ማለት በዚህ ሥፍራ እንጀራን መቁጠር ነው።

ጨው የበላው መሬት

የውኃ ጨዋማነት የሚለካው ውኃው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ኃይሉ ነው፤ መለኪያውም ደሲ ሲመንስ በሜትር ይባላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፣ ከ0.7 በታች የሆነ ውኃ ለመስኖ ያለ ሥጋት ይሆናል፤ ከ0.7 እስከ 3 ያለው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከ3 በላይ የሆነው እጅግ ያሠጋል።

«ያለ ሥጋት» የተባለው ውኃ ግን ጨው የሌለበት አይደለም። የ0.7 ልክ ያለው ውኃ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 450 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። አንድ ሄክታር ማሳ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ከዚህ ውኃ ቢጠጣ፣ 45 ኩንታል ጨው በማሳው ላይ ተራገፈ ማለት ነው። ሰብሉ ውኃውን ይጠጣል፤ ፀሐይም ታተነዋለች፤ ጨውን ግን ማንም አይወስደውም። የሚወስደው ከሥር የተሠራ ማንጣፈፊያ ካለ ብቻ ነው።

በአሚባራና በመልካ ሰዲ የደረሰው ይኸው ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ በመካከለኛው አዋሽ ታላላቅ የጥጥና የሙዝ እርሻዎች ተስፋፉ። ውኃ ወደ ማሳው የሚያስገባ ቦይ ተቆፈረ፤ ትርፉን የሚያስወጣ ማንጣፈፊያ ግን ከመጀመሪያው አብሮ አልተሠራም። የመስኖው ትርፍ ወደ ታች እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ አደረገው። የከርሰ ምድር ውኃ ከመሬት ወለል ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው፣ የላምባው ዘይት በክሩ እንደሚወጣ ሁሉ ውኃው በአፈሩ ውስጥ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከወለሉ ሲደርስ ይተንና ጨውን ይተዋል። ሙዙ ደረቀ፤ ጥጡም በየቦታው ራሰ በራ ሆነ፤ ሰፊ መሬትም ነጭ ጨው ለብሶ ተተወ። የከርሰ ምድር ማንጣፈፊያ ቱቦ መቀበር የተጀመረው ጉዳቱ ከታየ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ነው። መሬቱ ከእርሻው በፊት የአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ ስለነበረ፣ ጨው ሲበላው የከሰረው እርሻው ብቻ አይደለም። ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርድ የነበረው ሰው የበጋ መጠጊያውን አጥቷል።

ሰብልም ጨውን በእኩል አይችልም። በአፈር ውኃ በሚለካው ልክ ጥጥ እስከ 7.7 ሳይጎዳ ሲቆይ፣ ቲማቲም ከ2.5፣ ሸንኮራና በቆሎ ከ1.7፣ ሽንኩርት ከ1.2፣ ቦሎቄና ካሮት ከ1 በላይ ሲሆን ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል። ጥጥ በሚችለው ማሳ ላይ «ሽንኩርት ዋጋ አለው» ብሎ የሚዘራ ገበሬ፣ የገበያውን ዋጋ አይቶ የውኃውን ልክ ሳያይ ከስሮ ይቀራል።

አዋሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈውን ይዞ በተንዳሆና በአሳይታ በኩል አልፎ ከአቤ ሐይቅ ይገባል። አቤ የጨው ሐይቅ ነው። በዓመታት ብዛት ወንዙ የተሸከመው ሁሉ የሚወርድበት በመሆኑ፣ በጊንጪ የጠራው ምንጭ ምን ሆኖ እንደ ቀረ ያሳያል።

አንድ ጠርሙስ ብቻውን አይመሰክርም

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው። በአንድ ቀን ከአንድ ሥፍራ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውኃ ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሥፍራ ብቻ ይመሰክራል፤ ስለ ወንዙ ሁሉ የሚመሰክረው ቢያንስ በአራቱ ወቅቶች፣ ከየታወቀው ሥፍራ የተቀዳው ተሰብስቦ ሲነጻጸር ነው። ከተማው ምን እንደ ጨመረ ለማወቅ ከከተማው በላይና በታች መቅዳት ያስፈልጋል፤ ፋብሪካም ቢሆን፣ የጨው ሐይቅም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከታች ብቻ ተቀድቶ «ጥፋቱ የእገሌ ነው» ማለት ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ ይሆናል፤ ከላይ ብቻ ቀድቶ «ጥፋት የለም» ማለትም እንደዚሁ ነው።

የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥተዋል። ሕግ ግን ያለ ልኬት ዓይን እንደ ሌለው ዘበኛ ነው። የመቆጣጠሪያው ናሙና በጥቅምት ብቻ ከተቀዳ፣ በግንቦት የሚጠፋውን ዓሣና በመጀመሪያው ጎርፍ የሚታመመውን ሕፃን አያየውም።

ምን ይደረግ?

ለመስኖ ገበሬ፦ አዲስ ሰብል ከመዝራት በፊት ውኃውንም አፈሩንም በበጋው መጨረሻ ማስለካት ይገባል፤ ክፉውን ወር የቻለ ሰብል መልካሙን ወር አያጣውምና። ቦይ ሲቆፈር ማንጣፈፊያው አብሮ ይቆፈር። ነጭ ጨው የታየበት ማሳ በጥሩ ውኃ ታጥቦ ትርፉ ሊወጣለት ይገባል፤ ማንጣፈፊያ ሳይኖር ውኃ ማብዛት ግን ጉዳቱን ያብሳል። አፈሩ ሶዲየም በዝቶበት እንደ ቅርፊት የደረቀና ውኃ አላሰርግ ያለ ከሆነ፣ ባለሙያ አስመርምሮ ጅፕሰም መጨመር ይረዳል።

በከተማ ወንዝ ዳር አትክልት ለሚያለማ፦ ውኃውን ወደ ማሳው ከመልቀቁ በፊት በኩሬ አሳርፎ ማጥለል፣ በቅጠሉ ላይ ሳይረጩ በሥሩ በኩል ማጠጣት፣ ከመልቀሙ በፊትም ጥቂት ቀናት ይህን ውኃ ማቆም ጀርሙን ይቀንሳል። ማዕድኑን ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ አፈሩ ክፉኛ በተበከለበት ሥፍራ ቅጠላ ቅጠልን ትቶ የማይበላ ተክል ማልማት ይሻላል።

ለቤተሰብ፦ የክረምትን ውኃ አሳርፎ አጥልሎ፣ ከተገኘም በተወቀጠ የሽፈራው ፍሬ አጥርቶ፣ ቀጥሎ ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ይገባል። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባውም። በስምጥ ሸለቆ ያለ ጉድጓድ ግን ውኃው ምንም ያህል ቢጠራ ፍሎራይዱ ሳይለካ ለሕፃናት መጠጥ አይሁን።

ለባለሥልጣንና ለፋብሪካ ባለቤት፦ ናሙና በየወቅቱና ከላይም ከታችም ይቀዳ፤ ውጤቱም በመዝገብ ቤት ተቆልፎ ከመቅረት ይልቅ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ በሚገባ ቋንቋ ይለጠፍ። የፋብሪካ ማጣሪያ ለምርመራ ቀን ብቻ የሚበራ መብራት አይሁን። ጨው ወይም ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዲለቀቅ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ፈቃዱ በዓመት ብቻ ሳይሆን በወንዙ የወር መጠን ይወሰን። በደጋው የሚሠራው እርከንም የውኃ ጥራት ሥራ መሆኑ ታውቆ በጀት ይያዝለት፤ በጊንጪና በበቾ የተያዘው አፈር በቆቃ አይገኝምና።

ከደጋው ምንጭ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ባለው የአዋሽ ዳር ከላይ ያለው ሰው የጣለውን ከታች ያለው ሰው ይጠጣዋል። በተራው ደግሞ ከታች በለማው ስኳር፣ ጥጥና አትክልት ከላይ ያለው ይኖራል። ወንዙ ሁሉንም የሚያገናኝ እንደ ሆነ፣ ጥበቃውም የሁሉም ነው። የሚመጣው ክረምት የመጀመሪያ ጎርፍ ከመድረሱ በፊት፣ በየመንደሩና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ይጠቅማል፦ ይህ ውኃ ከየት መጣ፣ በመንገዱስ ምን አገኘው?